ሁለተኛው ጥሪ

«ኧረ ትወድቂያለሽ!»

በያጁ የጫማውን ማሰሪያ እየቋጠረ ነበር። ቀና ሲል የሚስቱን ጀርባ ብቻ አየ፤ ጭንቅላቷና ትከሻዋ ከመስኮቱ ውጭ ናቸው። አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ እየተንገዳገደ ደረሰና ወገቧን ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«ልቀቀኝ፣ አልወድቅም። መጣ እኮ!»

«ማን ነው የመጣው?»

«ሽታው።»

በያጁም አንገቱን አወጣ። ከምድር ቤቱ መስኮት ቀጭን እንፋሎት እየተጥመለመለ ይወጣል፤ እነሱ ያሉበት ፎቅ ጋ ሲደርስ ይጠፋል።

«ሽንኩርት ነው የሸተተኝ» አለ።

«ሽንኩርቱን ተወው። ከሽንኩርቱ ኋላ ያለውን።»

ምስኪን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ደህና አድርጎ ማገ። ዕድሜውን ሙሉ የብየዳ ጭስ ሲጠጣ የኖረ አፍንጫ ከሽንኩርት ኋላ ያለ ነገር ከየት ያመጣል? እሷ ግን እዚያው ቆማ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። ዓሣ አለበት። ዓሣው ላይ የሆነ ኮምጣጣ ፍሬ ተጨምቆበታል። ከኮምጣጣው በታች ደግሞ ዝናብ የመታው ሣር የሚመስል ቅጠል አለ። የቅጠሉን ስም አታውቀውም፤ አይታውም፣ ቀምሳውም አታውቅም። አማራት። እንዲህ ያለ አምሮት በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም፤ ምራቅ አፏን ሞላው።

ይህች ሴት ጭምት ትባላለች። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፣ ሰው ፊት እህል አፏ ስታስገባ አይታት ስለማታውቅ እንዲህ ብላ የጠራቻት። ሰፈሩም ተቀበለ፣ በያጁም ሲያገባት ከነስሟ ወሰዳት።

ባሏን ተከትላ የሰው አገር ከመጣች ዓመት አልፏታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያገሬውን ምግብ ቀምሳ አታውቅም፤ እንዲያውም ትኮራበት ነበር። መንገደኛ በተገኘ ቁጥር ከአገር ቤት በቆርቆሮና በፌስታል እየታሸገ የሚመጣ ዱቄትና ቅመም ቁም ሳጥኑን ሞልቶታል። በያጁ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያገኘውን በልቶ ሲመጣ «አሁን ምኑን ብለህ ነው የምትበላው?» ትለዋለች። እሱም «ርቦኝ ነዋ» ይላል፤ ሌላ ምክንያት ኖሮት አያውቅም።

ከዚያ አረገዘች። ወይ ጉድ! ያ ቁም ሳጥን ገና ሲከፈት ሆዷ ይገለበጥ ጀመር። በያጁ አንድ ቀን «ዛሬ እኔ ልሥራልሽ» ብሎ ድስት ጥዶ፣ ቅመሙን ጣል ሲያደርግ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ መውጣት አቃታት። እሱም የቁም ሳጥኑን በር ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። እሷ የምሯን አለቀሰች፤ የገዛ ቤቴ ምግብ እንዴት ይከዳኛል ብላ። ዳቦ ነክሳ ትተዋለች። ሩዝ ታላምጣለች፣ አይወርድም። ሌላው ሲያረግዝ ይፋፋል፣ እሷ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ቢያስቸግራት ክር ጠመጠመችበት።

ባለፈው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚዛኑን ደግማ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«በቀጠሮሽ ስትመጪ ከዚህ ከቀነስሽ አስተኝተን ግሉኮስ እንሰካልሻለን» አለቻት። «ልጁ የሚበላው ካንቺ ላይ ነው። አንቺ ላይ ደግሞ የተረፈ ነገር የለም።»

ቀጠሮው ነገ ነው። ጭምት ከዚህ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባታል። ያኔም የጀመራት እንዲሁ ነው፣ እህል በማስጠላት። ባልና ሚስት ሁለቱም ያስቡታል፣ አንዳቸውም አፍ አውጥተው አያነሱትም። በጣም ፈርታለች።

«እኔ ልውረድና ልጠይቅልሽ» አለ በያጁ፣ ሁለተኛውን ጫማ ከአልጋው ሥር እየጎተተ።

«ምን ብለህ?»

«ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሾርባዎ ሸተታት፣ ትንሽ ይስጡን ብዬ ነዋ።»

«ሞቼ ነው! ሚስቱን ማብላት አቃተው እንዲሉህ ነው?»

«እነማን?»

«ሰዎች።»

«የትኞቹ ሰዎች? እዚህ እኮ የሚያውቀን ሰው የለም፣ ጭምቴ።»

«እኔ ራሴን አውቀዋለሁ» አለች።

በያጁ ጫማውን አጠለቀ። ትናንትም ይኸው ሽታ ቢያስቸግራት ከመንገድ ማዶ ካለው ምግብ ቤት «ዓሣ ያለበት ሾርባ» ብሎ ገዝቶላት መጥቶ ነበር። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አሸተተችና «ይሄ አይደለም» ብላ መልሳ ከደነችው፤ እንዳይደፋ እሱ ቆሞ በላው። አሁንም ግንባሯን ሳማት፣ «እንግዲህ ሁለታችሁም ውሃ እንኳ ጠጡ» አለና ወደ ብየዳው ሄደ።

ነገሩ የታችኛዋን ሴትዮ ሳታውቃቸው ቀርታ አይደለም። ከዚህ የባሰ ነው፤ ተቀይማቸዋለች።

ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ከታች ሲንቀጫቀጭ ይሰማል፤ ዝም ካለ ድስቱን ሊያማስሉ ተነሥተዋል ማለት ነው። ጭምት በመጣች ሰሞን ከገበያ ዕቃ ተሸክማ ስትገባ በራቸው ክፍት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ተቀምጧል። «ነይ፣ አብረን እንብላ» አሏት፣ ቋንቋው እንዳይቸግራት በእጃቸውም እያሳዩ። ጭምት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቢሆንም አክስቷ አሳድጋታለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» አለች።

አክስቷ ያስተማረቻት እንዲህ ነው። ሰው ቤት ሄደሽ ብዪ ሲሉሽ የመጀመሪያው ሰላምታ ነውና በልቻለሁ በይ። ሁለተኛው ወግ ነው፣ ኧረ ጠግቤአለሁ በይ። በሦስተኛው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ካሉሽ እሱ ከልብ ነው፣ ያኔ ትንሽ ትቀምሻለሽ። እና ጭምት ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀች። ልብስ ሰፊዋ ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፣ ፈገግ አሉ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ማመን አቃታት። ይከፍቱታል ብላ ዕቃዋን እንደተሸከመች ደረጃው ላይ ቆመች። ቆየች። ከውስጥ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ተሰማት። ይኸው ከዚያ ወዲህ «ለአፋቸው ነው የጠሩኝ» ብላ ሰላምታዋን እንኳ አሳጠረችባቸው፤ እሳቸውም ዳግመኛ አልጠሯት።

በያጁ ከሄደ በኋላ ወንበሩን መስኮቱ ሥር ስባ ተቀመጠች። ረሃብ ሲሰነብት ሰውን ያቀለዋል፤ ወንበሩ ላይ ብትሆንም የተቀመጠች አልመሰላትም። መጋረጃው ይነፋል፣ ይሟሽሻል። የስፌት መኪናው ከታች እንደ ሩቅ ባቡር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እንፋሎቱ በመስኮቱ ገብቶ ጣሪያው ሥር ሲዞር ያየች መሰላት። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ የሆነ አገር ካርታ ይመስላል፤ ወንዙን በዓይኗ ተከትላ ስትወርድ፣ ስትወርድ፣ ዓይኗ ተከደነ።

በሕልሟ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። መጨረሻው አይታይም። በሁለቱም በኩል የማታውቃቸው ሰዎች ይበላሉ፤ ማንም አይናገርም። ከፊቷ ያለው ሳህን ይጨሳል። ጭኗ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አይታያትም፣ ክብደቷ ግን ይሞቃል፣ ደስ ይላል። ልጅቷ እጇን ወደ ሳህኑ ስትዘረጋ ጭምት ትይዛትና «ቆይ፣ ገና አልጠሩንም» ትላታለች። ልጅቷም እሺ ብላ ትጠብቃለች። እንፋሎቱ እየሳሳ ይሄዳል። ሳህኑ ይበርዳል። ጭኗ ላይ ያለው ክብደት እየቀለለ፣ እየቀለለ መጣ።

ስልኩ ጮኸ። ብትት ብላ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጭምቴ! በላሽ?» አክስቷ ናት፤ ሰላምታዋን የምትጀምረው ከዚህ ነው።

«አልበላሁም፣ እቴቴ።»

«እስካሁን? ምን ይሻልሻል ልጄ? የሚያምርሽ ነገር እንኳ የለም?»

ሕልሙ ገና አልለቀቃትም ነበርና እንደ ልጅነቷ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሽታውን፣ ቅጠሉን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ የተዘጋውን በር።

«እና ምን ይሁን ብለሽ ነው ቤት የተቀመጥሽው?» አለች አክስቷ።

«አልጠሩኝማ! አንዴ ጠርተው ተዉኝ እኮ ነው የምልሽ። ሦስቴ ሳትለመኚ እጅሽን እንዳትዘረጊ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ያንን ስነግርሽ» አለች አክስቷ፣ «ሆድሽ ውስጥ ሰው ነበረ እንዴ?»

«እቴቴ...»

«እቴቴ አትበይኝ! ያኔ የነገርኩሽ ሆዳም ብለው እንዳይስቁብሽ ነው። አሁንማ ቢፈልጉ ይሳቁ፣ ይንከትከቱ! አንቺ ውረጂ። ያለፈውን ጊዜ አልረሳሁትም፣ ልጄ። አንቺም አልረሳሽው። በሞቴ ውረጂ። አፈር ስሆን።»

መውረዱን ትውረድ። ምክንያት ሳይይዙ የሰው በር ማንኳኳት ግን እንዴት ተደርጎ? ዓይኗ ክፍሉን ሲዞር የባሏ ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ። አንስታ አገላበጠችው፤ ደህና ሸሚዝ ነው፣ የሚሰፋ ነገር የለውም። እሱኑ ይዛ፣ የደረጃውን መደገፊያ ጭብጥ አድርጋ፣ አንድ አንድ እያለች ወረደች። መሐል ላይ ስትደርስ ግራ ቀኝ አየችና የሸሚዙን ሁለተኛ ቁልፍ በጥርሷ በጠሰችው። ይሄን የምታደርገው ይህቺው የሰው ፊት የምትፈራው ጭምት ናት።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ሲከፍቱ ሽታው ፊቷን አጥቦ አለፈ። መቃኑን ተደገፈች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን በተሰቀሉት ልብሶች ውስጥ አልፎ እየገባ አየሩን አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ሮዝ ያደርገዋል። ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተበትኗል። ጥግ ላይ ምድጃው አለ፤ ምድጃው ላይ ያ ድስት፣ ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ያንጎራጉራል።

«ቁልፍ ተበጥሶብኝ ነበር» አለች ጭምት ባገሬው ቋንቋ። ቋንቋውን ገና እየዳኸችበት ነው።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አደረጉ። የተበጠሰውን ክር በጣታቸው ዳሰሱት፤ ገና በምራቅ እንደራሰ ነው። ቀና ብለው አዩዋት። ሸሚዙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቁልፉን ተከሉት፣ ክሩን ቆረጡት፣ አጥፈው መለሱላት። እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብላ አላሰበችም።

«ሒሳብ የለውም» አሉ። «ሌላ የሚሰፋ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እሺ፣ ደህና ዋይ።»

አለቀ እንግዲህ። አመስግና መውጣት ነው። እግሯ ግን አልነቃነቅ አለ። በሕልሟ ጭኗ ላይ የነበረው ክብደት ትዝ አላት፤ እየቀለለ ሲሄድ የተሰማት።

«ሸሚዙ አይደለም» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ሽታው ነው። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ እህል አልወርድ አለኝ። የሚያምረኝ ይሄ ብቻ ነው። እባክዎ ትንሽ ይስጡኝ።»

ይህን ብላ ፊቷን በሸሚዙ ሸፈነች።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ የተከመረውን ጨርቅ በአንድ እጃቸው ጠርገው መሬት ጣሉት። «ቁጭ በይ» አሏት። ሳህን እያነሱ፣ እንድትሰማቸው ቃል በቃል እየለዩ ያወራሉ።

«እኔ እኮ ጠርቼሽ ነበር። በመጣሽ ሰሞን።»

«አዎ።»

«በልቻለሁ አልሽኝ።»

«አልበላሁም ነበር።»

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። «ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልሽ?»

«እንደገና ይጠሩኛል ብዬ። እኛ ጋ ሰው አንዴ ሲጠሩት ዘሎ አይቀርብም፣ ነውር ነው። ይለመናል፣ ደግሞ ይለመናል።»

«እኛ ጋ ደግሞ» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ «በልቻለሁ ያለን ሰው መልሶ መጥራት ዋሽተሻል ማለት ነው። እኔ ምግባችንን ትጠየፋለች ብዬ ነው የተውኩሽ። ደረጃ ላይ ስታገኚኝ ፊትሽን ስታዞሪብኝ ጊዜ ደግሞ፣ ይኸው፣ እውነቴን ነው አልኩ።»

«እኔ እኮ ለአፋቸው ነው የጠሩኝ ብዬ ነው!»

ተያዩ።

«ዓመት ሙሉ?» አሉ አሮጊቷ። «ዓመት ሙሉ እላዬ ላይ ተቀምጠሽ እስክጠራሽ ትጠብቂያለሽ?»

ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ድዳቸው እስኪታይ፣ ጭልፋው እስኪንጠባጠብ ሳቁ። ጭምትም ሳቀች፤ እንባዋ ከሳቋ ጋር ወረደ። አሮጊቷ ግን ወዲያው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

«ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ ድስቱን ማሳነስ አልቻልኩበትም» አሉ። «ሁልጊዜ ይተርፈኛል። ስንቱን ቀን ደፋሁት መሰለሽ!»

ሳህኑን ከፊቷ አኖሩላት። ጭምት ማንኪያውን ጨብጣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀመሰች። መረቁ ትኩስ ነው። ኮምጣጣው ምላሷን ከጎንና ከጎን ቆንጠጥ አደረገው። ዓሣው ሳይታኘክ ተፈረፈረ፤ ከሱ ኋላ ያ ቅጠል ቀስ ብሎ መጣ። አፍንጫዋ አላታለላትም፤ ዝናብ የመታው ሣር ነው። ዓይኗ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ። ክፍሉም፣ ልብሶቹም፣ ነገ የምትቆምበት ሚዛንም ራቁ። የት እንዳለች ቢጠይቋት አታውቀውም፤ ግን ደህና ቦታ ነው።

ዋጠችውና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሆዷ አሁን ይገለበጣል ብላ መጠበቅ ጀመረች። በዓይኗ መታጠቢያ ቤቱን ፈለገች። ልብስ ሰፊዋም አብረዋት ጠበቁ። ክዳኑ ያንጎራጉራል፤ አንዲት ዝንብ መስታወቱ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ማቅለሽለሹ አልመጣም። ሙቀቱ ወደ ታች ወረደና እዚያው ተቀመጠ።

«ቅጠሉ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀች።

ነገሯት። ደግማ አለችው፣ አፏ ላይ አልተመቻትም። እንደገና አለችው፤ አሮጊቷ በጭልፋቸው አየሩን እየመቱ አረሟት። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ጭምት በላች። አንገቷን ደፍታ፣ አፍንጫዋ በላብ ወርዝቶ፣ ለወግ ተብሎ ሳህን ላይ የሚተወውን እንኳ ሳታስተርፍ በላች።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አሉ። በአንድ እጃቸው ጭልፋውን፣ በሌላው የድስቱን ክዳን ይዘው ዞሩ።

«ልጨምርልሽ?»

የጭምት እጅ ሳታዘው ወደ ደረቷ ተነሣ። አንገቷም ሰበር አለ። «ኧረ ጠግቤአለሁ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አሮጊቷ አልለመኗትም። ጭልፋውን እንደያዙ፣ ክዳኑን ከድስቱ በላይ እንዳንጠለጠሉ፣ የምትላቸውን ሊያምኑ ቆመዋል።

እጇን ከደረቷ አወረደችና ሳህኑን ዘረጋች።

«አዎ» አለች። «ዓሣውንም።»